ስለ «ጉማ» ፊልም፤ የሰንሰለቱ ሁለተኛ ጫፍ

ሚሸል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. ያዘጋጀው «ጉማ» በአማርኛ ከተሠሩት ቀደምት ረጃጅም ፊልሞች አንዱ ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ለፊልም ባለሙያዎች የሚሰጠው ሽልማት በስሙ መጠራቱም ያለውን ክብር ያስረዳል። ታሪኩ ወዳጁን ሳያስበው የገደለ ሰው በሰንሰለት ታስሮ፣ የደሙን ዋጋ እየለመነ መንከራተቱን ይተርካል። እንግዲህ የእስረኛ ታሪክ ነው፤ ወህኒ ቤቱ ግን ልማድ ነው። ትምህርቴን በውጭ አገር ጨርሼ ከተመለስሁ በኋላ ይህን ፊልም ባየሁ ጊዜ ልማዱን ተጸይፌ፣ ለታሳሪው አዝኜ ተነሣሁ። ዛሬ ግን የፈረድሁት አንዱን ወገን ብቻ ሰምቼ እንደ ነበረ ይሰማኛል።

አስቀድመን ስሙን እንመልከት። ጉማ የደም ካሳንና ዕርቅን የሚያመለክት የኦሮሞ ቃል ነው። በአማርኛ ፊልም ርእስነት መቀመጡ ሕዝቦቻችን ሥርዓታቸውን ሲዋዋሱ መኖራቸውን ስለሚመሰክር ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ አንዱ ስም የየአገሩ ሥርዓት ሁሉ አንድ እንደ ሆነ ያስመስላል። ቢቸናንና ሞጣን ጨምሮ በአማራው አገር ነገሩ «ደም ማድረቅ» ይባላል። ሽማግሎችና ካህናት መካከል ገብተው ካሳ ያስቆርጣሉ፤ የሁለቱንም ወገን ዘመዶች ያስምላሉ። ስሙ ራሱ የሥርዓቱን ፍጻሜ ይናገራል፤ የፈሰሰው እንዲደርቅ፣ ሌላ እንዳይፈስ።

ሁለተኛው ነገር የገዳዩ ንጽሕና ነው። በምሥራቅ ጎጃም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ ስለ ነበረ፣ ባለ ድርሻው ብዙ፣ የድንበር ክርክሩም ብዙ ነበር። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ላይ የተነሣው ርስቱ የሚነካበት ስለ መሰለው ነበር። እንዲህ በሚወደድ መሬት ተጣልቶ የገደለ ሰው አውቆ የገደለ ነው፤ የሟችም ወገን ደሙን ሊመልስ ያደባል። ሥርዓቱ የሚያስፈልገው ይህን ሁለተኛ ሞት ለማስቀረት ነው። ፊልሙ ግን በድንገት የገደለውን ንጹሕ ሰው መምረጡ እንባ ቢያስገኝለትም፣ የልማዱን ጭካኔ አሳይቶ ምክንያቱን ሰወረብን።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ገዳይን ይቀጣ ነበር፤ ደሙን ግን አያደርቅም። ቅጣቱን የፈጸመም ሰው ቢሆን ሳይታረቅ ወደ መንደሩ ለመግባት ይፈራል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ስታንሊ ክሬመር ባዘጋጀው «ዘ ዲፋያንት ዋንስ» ፊልም ጥቁሩ ሲድኒ ፖይቲየርና ነጩ ቶኒ ከርቲስ በአንድ ሰንሰለት የተቆራኙ እስረኞች ሆነው ይታያሉ። ተመልካቹ ሁለቱንም እኩል ያውቃቸዋል። እኛም ከሳሽና ተከሳሽ በአንድነት የሚታሰሩበት የቁራኛ ሥርዓት ነበረን። ስለዚህ ሰንሰለት ሁለት ጫፍ እንዳለው አባቶቻችን ያውቁ ነበር ማለት ነው። «ጉማ» ታሪኩን በአንደኛው ጫፍ፣ በታሳሪው ላይ አቆመ።

ፓፓታኪስ ልማዱን በፊልም መዝግቦ ስላቆየልን ምስጋና ይገባዋል። ወደ ፊት በዚህ ነገር የሚሠራ ባለሙያ ቢነሣ ግን ወደ ሟች እናት ቤት ይግባ። ልጇን የቀበረች ሴት የገዳዩን ካሳ ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ ምን እንደምታሸንፍ ያሳየን። ያን ጊዜ ልማዱን ብንነቅፍም ሆነ ብናመሰግን ፍርዳችን የተሟላ ይሆናል።