ሰሜን አገር ነው ወይስ አቅጣጫ?

ስለ ሰሜን ተራሮች የሚጽፍ ሰው የስኮትላንዱን መንገደኛ ጀምስ ብሩስን ሳይጠቅስ አያልፍም። ብሩስ የሊማሊሞን አቀበት ወጥቶ በ1770 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፥ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) ጎንደር ገባ ፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳተመ። ወገራን ሜዳማና የእህል ጎተራ የሆነ አገር ብሎ ከሰሜን ለይቶ መጻፉ ትክክል ነው። በ14ኛው ምዕት ዓመት በነገሠው በዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕልም ሰሜን ፥ ወገራ ፥ ጸለምትና ጸገዴ እየራሳቸው ተጠርተዋልና ፥ ልዩነቱ ከብሩስ በፊት የጸና ነው።

ነቀፌታ የሚገባው ግን ስለ በረዶ የተናገረው ነው። በዚህ አገር አመዳይ ታይቶ አያውቅም ፥ በቋንቋቸውም ስም የለውም ይላል። ነገር ግን እርሱ በደጋው ጫፍ አለፈ እንጂ ወደ ራስ ደጀን ከፍታ አልወጣም። በ6ኛው ምዕት ዓመት ኮስማስ የሚባለው ነጋዴ ከአዱሊስ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ የሰሜንን ሰዎች ከወንዙ ማዶ ፥ እስከ ጉልበት በሚያሰጥም በረዶ መካከል የሚኖሩ አድርጎ ያነሣቸዋል። ሄንሪ ሶልትም በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ የባልንጀራውን የናትናኤል ፒርስን ምስክርነት ይዞ ብሩስን ተቃውሟል። ስም የለውም ማለቱም አይጸናም ፤ በግዕዝ ሐመዳ ፥ በአማርኛ አመዳይ አለና።

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ግን የስሙ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ጻፉት ፥ ሰሜን የሚለው ቃል ጥንት በግዕዝ ደቡብ ማለት ነበር ፤ ተራሮቹ ከአክሱም በስተ ደቡብ ይገኛሉና። የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ደቡብ በተዛወረ ጊዜ ግን ተራሮቹ በስተ ሰሜን ሆኑ ፤ የቃሉም ትርጉም ተገለበጠ። ተመልካቹ ስፍራውን ለወጠ እንጂ ተራራው አልተነቃነቀም።

ይኸው ነገር በአስተዳደርም ተደግሟል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጠቅላይ ግዛቱ በጌምድርና ሰሜን ሲባል ስሙ አገርን ያመለክት ነበር ፤ ደባርቅ የሰሜን አውራጃ ፥ ዳባት የወገራ አውራጃ ከተማ ነበሩ። ዛሬ ሁለቱም በሰሜን ጎንደር ዞን ይገኛሉ ፤ በዚህ አጠራር ሰሜን አቅጣጫ ብቻ ሆኗል። በሌላ በኩል ፥ በ1969 የተቋቋመው ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ፥ ለጎብኚዎች የሚዘጋጁ ጽሑፎች ደባርቅን የሰሜን በር ብለው የወገራን ስም ይዘነጉታል።

ጉዳቱ የስም ጉዳት ብቻ አይደለም። በ1855 በደረስጌ ድል የተነሡት ደጃዝማች ውቤ «የሰሜን ገዥ» ተብለው ሲጻፉ ፥ ወጣቱ ተማሪ አገሩን ትቶ አቅጣጫውን ይረዳል ፤ ታሪኩም ሥር ያጣል። ስለዚህ የአገሩን ጥናት የሚጀምር ሰው ካርታ ከመሳሉ በፊት የደባርቅንና የዳባትን ሽማግሌዎች ፥ ወገራ የሚያልቀው ከየትኛው ወንዝ ፥ ሰሜን የሚጀምረው ከየትኛው ተረተር እንደ ሆነ ቢጠይቅ ይበጃል። መልሳቸው ባይስማማ እንኳ ፥ አለመስማማቱ ራሱ ሊመዘገብ የሚገባው ታሪክ ነው።