የባህል ልውውጥ በቤተ ልሔም ድጓ ቤት ሚዛን

በሁለት መንግሥታት መካከል የሚፈረም የባህል ልውውጥ ውል ዘወትር ሦስት ነገሮችን ያነሣል፤ እነዚህም የነጻ ትምህርት ዕድል፣ የትርኢትና የኤግዚቢሽን ጉዞ፣ የሊቃውንት ምርምር ናቸው። ውሉ የሚፈረመው በዋና ከተማ ነው፤ አፈጻጸሙም የሚመዘነው ስንት ተማሪ ሄደ፣ ስንት ትርኢት ታየ እየተባለ በቍጥር ነው። ቍጥር የራሱ ጥቅም ያለው ምስክር መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ ይታለፋል፤ ይኸውም ዕውቀቱ የተቀዳበት ቦታ ራሱ ከልውውጡ በኋላ ምን አገኘ የሚለው ነው። በጋይንት የሚገኘው የቤተ ልሔም ድጓ ቤት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ሚዛን ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ቤተ ልሔም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የምትገኝ ጥንታዊት ደብር ስትሆን በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የምትታወቀው በድጓ ማስመስከሪያነቷ ነው። አካባቢው በጠቅላላው የዜማ አገር ነው፤ ዙር አምባ በዝማሬና በመዋሥዕት ይታወቃል፣ በእስቴ ያለው ቆማ ፋሲለደስም የራሱ የዜማ ስልት አለው። ቤተ ልሔም፣ ቆማና አጫብር ተብለው ከሚለዩት ስልቶች ግን በሰፊው የተዘረጋው የቤተ ልሔም ነው።

ይህ መስፋፋት የመጣው በትምህርት ቤቱ ሥርዐት ነው። ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ ወይም ከትግራይ የመጣ ተማሪ ድጓውን በአገሩ ከተማረ በኋላ ወደ ቤተ ልሔም ይወጣል፤ ያወቀውን ዜማ ከመምህሩ ፊት ያሰማል፣ የተሳሳተውን ያርማል፣ የጐደለውን ይሞላል። በጎጆ እያደረ፣ ቍራሽ እየለመነ ይማራል፤ በጥንቱ ልማድ የራሱን ድጓም በእጁ ይጽፋል። ሲመሰክር ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ይበቃል። እንግዲህ ቤተ ልሔም የውል ወረቀት ሳይኖራት ዘመናት የቈየ የልውውጥ ሥርዐት አላት ማለት ነው። የሥርዐቱም ሕግ ግልጽ ነው፤ የወሰደ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይፈተናል፣ ከተፈተነም በኋላ ያስተምራል። ስለዚህ ቤተ ልሔም በሰጠች ቍጥር ቅርንጫፏ ይበዛል እንጂ ሀብቷ አይጐድልም።

በዚህ ሕግ ከውጭ አገሮች ጋር የተደረጉትን ግንኙነቶች መመዘን ይቻላል። በመጀመሪያ የሚነሣው በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ነው። ጓዱ ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ በ1932 በጎንደር ብዙ ወራት ተቀምጧል። ከአባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥዕሎቹ ተላቀው ወደ ፓሪስ ተወሰዱ፤ በምትካቸውም በጓዱ ሠዓሊ የተሣሉ ግልባጮች ተተኩ። ከሦስት መቶ የሚበልጡ የብራና መጻሕፍትም ወደ ፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ገቡ። ሥዕሎቹ በዝናምና በእርጅና እንዳይጠፉ ተደርጓል የሚል መከራከሪያ አለ፤ ሥዕሎቹም ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር መኖራቸው እውነት ነው። ከጓዱ ሥራ የወጡት የዛርና የክታብ ጥናቶችም እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ነገር ግን በልውውጥ ሚዛን ሲታይ ዋናው ፓሪስ ሲገባ ጎንደር የቀረው ግልባጩ ነው። ለጥናቱ ብዙ የደከመው ኢትዮጵያዊ ሊቅ አባ ጀሮም ገብረ ሙሴም በጥናቱ ታሪክ ውስጥ የሚታወቀው በይበልጥ በአስተርጓሚነት ነው። ይህ ልውውጥ ሊባል አይችልም፤ መሰብሰብ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ቤተ ልሔም ራሷ ያደርሰናል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም በ1955 ወደ ቦታው ሄዶ በክቡ የሣር ክዳን ውስጥ አራት ማዕዘን ያለው የመካከለኛ ዘመን የድንጋይ ሕንጻ እንዳለ አየ፤ ይህንም በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ አስታወቀ። ለሥነ ሕንጻ ታሪክ የሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ «ግኝት» ተብሎ ሲነገር ጥቂት ማሰብ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ድጓ መምህራን ለብዙ ትውልድ በእግራቸው እየሄዱ የተመሰከሩባት ደብር ያልታወቀችው ለማን ነበር? በአንድ ዘርፍ ያለው ዕውቀት በሌላው ዘርፍ እንደ አለማወቅ ሲቈጠር ለልውውጥ የሚቀመጡት ወገኖች እኩል ሆነው አይቀመጡም።

ሦስተኛው የተሻለ ምሳሌ ነው። በ1973 የኢትዮጵያ መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ የሚኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርስቲ የብራና ቤተ መጻሕፍትና የቫንደርቢልት ዩኒቨርስቲ ተባብረው የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ጀመሩ። መጻሕፍቱ ከየቦታቸው አልተነቀሉም፤ ፊልሙ በአዲስ አበባም በአሜሪካም ተቀመጠ። ከዝርዝር መዝገቡም ብዙውን ክፍል ያዘጋጀው ኢትዮጵያዊው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1932ቱና በ1973ቱ ሥራ መካከል ያለው ልዩነት የአርባ ዓመት ብቻ አይደለም፤ በ1973ቱ ዋናው በባለቤቱ እጅ ቀርቶ ግልባጩ ተጓዘ፣ አገሬውም በሊቅነቱ ከሥራው ውስጥ ገባ።

ለቤተ ልሔም ግን ይህም አይበቃም። ምክንያቱ በድጓ ምልክት ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በትውፊት እንደሚነገረው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ያደራጁት ምልክት ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ከይዘት፣ ከደረት፣ ከርክርክ፣ ከድፋት፣ ከጭረትና ከመሰሎቻቸው በቀር ያሉት ምልክቶች አብዛኞቹ ከሌላ የታወቀ ዜማ የተወሰዱ የቃል አሕጽሮቶች ናቸው። ሁለት ፊደል ያየ ተማሪ ያ አሕጽሮት የተወሰደበትን ሙሉ ዜማ አስቀድሞ በልቡ ይዞ ካልተገኘ ምንም ሊያዜም አይችልም። ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን የሚለየውም ከመምህር የሰማ ጆሮ ነው። እንግዲህ ድጓን በፊልም ማንሣት ጽሕፈቱን ያድናል፤ ዜማውን ግን የሚያድነው ሰው ነው። መምህሩ ቢቋረጥ ብራናው ቢኖርም ድምፅ የለውም።

ይህን ችግር ፊት ለፊት ያየው አራተኛው ሥራ ነው። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ሊቅ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1975 በአዲስ አበባ የቤተ ልሔምን ዜማ ከሚያውቀው ከሊቁ ብርሃኑ መኰንን ድምፅ ቀዳች፤ ከፒተር ጄፍሪ ጋርም ያዘጋጀችው የኢትዮጵያ ቅዱስ ዜማ ስብስብ ከ1993 እስከ 1997 በሦስት ቅጽ ታተመ። የመጀመሪያው ቅጽ የምልክቶቹን መዝገበ ቃላት ይዟል። አዘጋጆቹ በብራና ያለውን ምልክት ከመምህሩ አፍ ከሰሙት ጋር በማስተያየት ጽሕፈትና ቃል እንዴት እንደሚደጋገፉ አሳይተዋል፤ ከመምህር እግር ሥር መቀመጥ ምን እንደሚያስገኝም ሥራው ራሱ ምስክር ነው። ከእስካሁኖቹ ሁሉ ወደ ቤተ ልሔም ሕግ የቀረበው ይኸው ነው።

ጉድለቱ ከአመላለሱ ላይ ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ዜማው በአውሮፓ ኖታ ተተርጕሟል። በቤተ ልሔም ጎጆ የተቀመጠ ተማሪ የምልክቶቹ መዝገብ ከማንም ይልቅ ሊጠቅመው በተገባ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ቋንቋና በዚያ ኖታ ሊያነበው አይችልም። እዚህ ላይ ጥፋቱን በአዘጋጆቹ ላይ ብቻ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ለምዕራብ ሊቃውንት መጻፍ ተገቢ ሥራቸው ነበር፤ ሥራውን ወደ አማርኛ መልሶ ለጉባኤ ቤቱ ማድረስ ግን የሁለቱ አገሮች የልውውጥ ተቋማት ድርሻ ነው።

ዕውቀት የዓለም ሁሉ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ልትዘጋው አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። አነጋገሩ መልካም ነው፤ ግን ለቤተ ልሔም አይስማማም። ቤተ ልሔም ለተማሪ ተዘግታ አታውቅም። የምትጠይቀው ዋጋ ጊዜና ትሕትና ነው፤ መጥቶ መቀመጥን፣ መታረምን፣ መመስከርን ትጠይቃለች። ይህንን ዋጋ ሳይከፍል ውጤቱን ብቻ የሚፈልግ እንግዳ የሚያገኘው የዜማውን ቅርፊት ነው።

ዩኔስኮ በ1966 ስለ ዓለም አቀፍ የባህል ትብብር ባወጣው መግለጫ ማንኛውም ባህል ክብር እንዳለው፣ ልውውጡም ለሁሉም ወገን በሚጠቅም በሰፊ የመመላለስ መንፈስ መካሄድ እንዳለበት ተናግሯል። ቃሉ በውሎች መግቢያ ላይ እንዳይቀር ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ውሉ ዕውቀቱ የሚቀዳበትን ጉባኤ ቤት በስሙ ይጥራ፤ የተቀዳው ድምፅና የተነሣው ብራና ግልባጭም በዋና ከተማው ቤተ መጻሕፍት ብቻ ሳይወሰን ለዚያው ደብር ይድረስ። ሁለተኛ፣ የድጓው መምህር እንደ መረጃ ሰጪ ሳይሆን እንደ ዩኒቨርስቲ መምህር ይቈጠር፤ ስሙም በሥራው ላይ ይጻፍ፣ የድካሙም ዋጋ ይከፈለው። ሦስተኛ፣ የተማሪ ልውውጡ በሁለቱም መንገድ ይሂድ፤ የውጭው ተማሪ በጋይንት የሚቀመጥበት ዘመን፣ የተመሰከረለት ድጓ ዐዋቂም ስለ ራሱ ዜማ የተሰበሰበውን በውጭ ቤተ መዛግብት የሚመረምርበት ዘመን ይመደብ።

እነዚህ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቁ አይደሉም፤ የሚጠይቁት የመለኪያ ለውጥ ነው። ከልውውጡ በኋላ በቤተ ልሔም ወንበር ላይ የሚቀመጥ መምህር ካለ፣ ከፊቱም የሚታረም ተማሪ ካለ፣ ልውውጡ ተፈጽሟል። ወንበሩ ባዶ ሆኖ መደርደሪያው ቢሞላ ግን ከ1932ቱ የጎንደር ግልባጭ የተሻለ ነገር ተገኘ ሊባል አይችልም።