እምቢ ያሉትስ?

ስለ ታዛዥነት በተነሣ ቁጥር የአሜሪካዊው የሥነ ልቡና ተመራማሪ የስታንሊ ሚልግራም ስም መነሣቱ አይቀርም። ከስሙም ጋር አንድ ቁጥር ተከትሎ ይመጣል፤ 65 በመቶ። ከዚያ አልፎ መጽሐፉን ገልጦ የሚያነብ ጥቂት ነው። እኔ ግን እ.ኤ.አ. በ1974 የታተመው ይህ መጽሐፍ የራሱን ድምዳሜ የሚያፈርስ ማስረጃ በጉያው ይዟል እላለሁ።

ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1961፣ አይሁዳውያንን ወደ እልቂት በማጓጓዝ የተከሰሰው አይክማን ኢየሩሳሌም ላይ «ታዝዤ ነው» እያለ በሚሟገትበት ዓመት፣ ሚልግራም በዬል ዩኒቨርሲቲ ሙከራውን ጀመረ። ተራ ሰዎች አራት ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም እየተከፈላቸው፣ ከግድግዳው ወዲያ የተቀመጠው «ተማሪ» በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲያስነዝሩት ታዘዙ። ማሽኑ ከ15 እስከ 450 ቮልት የተጻፈባቸው 30 ማብሪያዎች አሉት። ተማሪው የተመራማሪው ተባባሪ ነው፤ የሚነዝረውም ነገር የለም። መጀመሪያ በታተመው ውጤት ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁ።

ከዚያ በፊት ቴዎዶር አዶርኖና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ባወጡት ጥናት ነገሩን በሰውየው ባሕርይና አስተዳደግ ላይ አኑረውት ነበር። ሚልግራም ሚዛኑን ሰውየው ወደሚቆምበት ሁኔታ አዞረው። እስከዚህ ድረስ አጨበጭብለታለሁ። ጥፋትን በጥቂት «ክፉ ሰዎች» ላይ ጥሎ እጅን መታጠብ ቀላል ነበርና።

ችግሩ የሚመጣው ሲተነትን ነው። ሰው በባለሥልጣን ፊት ሲቆም ኅሊናውን አስቀምጦ የሌላው ፈቃድ መሣሪያ ይሆናል ይለናል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል እየሰማ ላደገ የእኛ አገር አንባቢ ይህ ቶሎ ይዋጥለታል፤ ምናልባትም ከሚገባው በላይ። ለመሆኑ መሣሪያ ያልበዋል? ይንቀጠቀጣል? ከአዛዡ ጋር ይከራከራል? ሰዎቹ ይህን ሁሉ አድርገዋል፤ የዘገበውም ራሱ ሚልግራም ነው። አዛዡ ከክፍሉ ወጥቶ በስልክ ሲያዝ የታዛዡ ቁጥር ወደ 20 በመቶ ገደማ ወረደ። አንዳንዶቹማ ቮልቱን ከፍ አድርገናል እያሉ በስልክ ይዋሹ ነበር! ከጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እምቢ ሲሉ ደግሞ ከ40ው እስከ መጨረሻው የሄዱት 4 ብቻ ሆኑ። ማሽኑ ያው፣ አዛዡም ያው።

ጄሪ በርገር ሙከራውን በለዘበ መልኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ ሌላ ምርጫ የለህም የሚለው የመጨረሻ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ሁሉ አሻፈረኝ ብሏል። አሌክሳንደር ሃስላምና ስቲቨን ራይከርም ታዛዦቹ ራሳቸውን ከሳይንሱ ዓላማ ጋር አንድ አድርገው ስላዩ ነው የዘለቁት ይላሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ይኸኛው ነው። መሣሪያ አይጠየቅም፤ አምኖበት የተከተለ ሰው ግን ይጠየቃል። «ታዝዤ ነው» የሚለውም ሙግት በዚህ መንገድ ሲታይ ብዙ ክብደት አይኖረውም።

ከመጽሐፉ ገጾች በተለይ የማልረሳት ከጀርመን ፈልሳ የመጣች አንዲት ሴት አለች። ወጣትነቷ በሂትለር ዘመን ያለፈ ነው። 210 ቮልት ላይ ስትደርስ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ አቆመች። የሚልግራም ንድፈ ሐሳብ እምቢታን የሚያስረዳው በጭንቀት መብዛት ነው። እርሷ ግን፣ በራሱ በሚልግራም አተራረክ፣ እርጋታ አልተለያትም።