የተጨነቀው ባሶን፦ የስትራቪንስኪ «የፀደይ ሥርዓት» በሸክላና በቴፕ

የኢጎር ስትራቪንስኪ የባሌት ሙዚቃ «የፀደይ ሥርዓት» በ1929 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ከተቀረጸ ወዲህ፣ ስለ ቅጂዎቹ የሚጻፈው ሂስ ቀስ በቀስ በአንድ መመዘኛ ብቻ መመራት ጀምሯል፤ እርሱም የጠራ፣ የፈጠነ፣ ድምፁ የገዘፈና እንከን ያልተገኘበት ቅጂ ሁሉ ከቀደመው ይበልጣል የሚል ነው። መመዘኛው ለብዙ የኦርኬስትራ ሥራዎች ሊያገለግል ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን አያገለግልም፤ ምክንያቱም አቀናባሪው የተጫዋቹን ጭንቀት የቅንብሩ አካል አድርጎ ስለጻፈው፣ ጭንቀቱ ሲወገድ ከሙዚቃው አንድ ክፍል አብሮ ይወገዳል።

ሥራው ግንቦት 21 ቀን 1905 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 29 ቀን 1913) ፓሪስ ውስጥ በሻንዜሊዜ ቲያትር፣ በሰርጌይ ዲያጊሌቭ የባሌት ቡድን፣ በፒየር ሞንቶ መሪነት ሲቀርብ የተነሣው ሁከት ደጋግሞ የተተረከ ነው። ለሐረር አንባቢ ይልቅ የሚታወሰው፣ በዚያው ዓመት ሩሲያዊው ባለቅኔ ኒኮላይ ጉሚልዮቭ ከሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ሰብዕ ሙዚየም ተልኮ ሐረር ውስጥ ቅርሳ ቅርስ ይሰበስብ፣ የከተማዋን ገዥ ደጃዝማች ተፈሪ መኮንንንም ፎቶግራፍ ያነሣ እንደነበረ ነው። የባሌቱን መድረክና አልባሳት የነደፈው ኒኮላስ ሮሪክ የጥንት ስላቮችን እምነት ሲመረምር፣ ጉሚልዮቭ ደግሞ በሐረር ግንብ በጁገል በሮች ሲገባና ሲወጣ፣ ሁለቱም ከአውሮፓ ሳሎን ውጭ የሚገኝ የቆየ ኃይል የተጠማ የአንድ ትውልድ ልጆች ነበሩ። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላይ ከዓድዋ ድል በኋላ ለአፄ ምኒልክ ከላኩት የነሐስ መሣሪያዎች ጀምሮ የሩሲያ ኦርኬስትራ ድምፅ ለዚህ አገር ጆሮ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረምና፣ ስለ ቅጂዎቹ ከዚህ ሆኖ መፍረድም ድፍረት ሊባል አይገባም።

ሥራው የሚከፈተው በብቸኛ ባሶን ነው። ባሶን ድርብ የሸምበቆ ምላስ ያለው፣ ከእንጨት የሚሠራና በተፈጥሮው ዝቅተኛ ድምፅ የሚያወጣ ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ስትራቪንስኪ ግን ከሊቱዌኒያ የሕዝብ ዜማዎች መድበል የወሰደውን ዜማ መሣሪያው ሊወጣው በሚችለው ከፍታ ጫፍ ላይ አስቀመጠው። በዘመኑ የፓሪስ ተጫዋቾች የሚይዙት የፈረንሳይ ዓይነት ባሶን ውስጡ የጠበበ፣ ድምፁ የሰለለና ወደ አፍንጫ የሚያደላ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሊሰበር የሚዳዳው ነበር። ሞንቶና ስትራቪንስኪ በ1929 እ.ኤ.አ. በወራት ልዩነት ፓሪስ ውስጥ ባስቀረጿቸው ሁለት ቅጂዎች የሚሰማው ይኸው ድምፅ ነው፤ አድማጩ የተራዘመችውን የመጀመሪያ ኖታ ሲሰማ ከምን መሣሪያ እንደወጣች ወዲያው አይለይም፤ ከነሐስም ከእንጨትም ያልሆነ፣ ገና ስም ያልወጣለት ነገር ሲነቃ የሚሰማ ይመስለዋል፤ ክላሪኔቶቹና ሌሎቹ የትንፋሽ መሣሪያዎች አንድ በአንድ እየገቡ ሲደራረቡበትም የመጀመሪያው ብቸኛ ድምፅ ያሳደረበት ሥጋት አይለቀውም።

በኋላ በአብዛኞቹ ኦርኬስትራዎች የገነነው የጀርመን ዓይነት ባሶን ክብና የተረጋጋ ድምፅ አለው፤ ተጫዋቾቹም ይህን መክፈቻ ለቅጥር ፈተና ከተማሪነታቸው ጀምረው ስለሚያጠኑት ዛሬ ያለ ችግር ይወጡታል። ውጤቱ ያምራል፤ የሚያሳስተውም ማማሩ ነው፤ ባሶኑ ባማረ ቁጥር መግቢያው ወደ እረኛ ዜማ ይለወጣል፤ ከሥሩ የሚርመሰመሱት የትንፋሽ መሣሪያዎችም ጌጥ ሆነው ይቀራሉ። የ1929ኙ ድምፅ መሰለል የማይክሮፎኑ ድህነት እንጂ የመሣሪያው ጠባይ አይደለም ለሚሉት፣ ፍራንስዋ ዣቪየ ሮት ይመራው የነበረው «ሌ ሲየክል» ኦርኬስትራ በ2013 እ.ኤ.አ. በዘመኑ የፈረንሳይ መሣሪያዎች ያደረገው ቀረጻ በቂ መልስ ይሰጣል፤ በዘመናዊ ማይክሮፎንም ድምፁ እንደሰለለ ነውና። ሆኖም የሮት ተጫዋቾች መሣሪያውን ቢመልሱም ጭንቀቱን አልመለሱም፤ ሁሉም ቀጥሎ የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል።

ጭንቀቱ ከቀረጻ ስልቱም ይመነጭ ነበር። የሸክላ አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ እምብዛም የማይበልጥ ድምፅ ስለሚይዝ፣ ከሠላሳ ደቂቃ በላይ የሚፈጀው ሥራ ተከፋፍሎ ይቀረጽ ነበር፤ ማግኔታዊ ቴፕ ገና ሥራ ላይ ስላልዋለም የተበላሸን ቦታ ቆርጦ በተሻለ መተካት አይቻልም ነበር። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጀርመን ሄደው ያስቀረጿቸውን ሸክላዎች የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ግዴታ ያውቀዋል፤ ገጹ እስኪያልቅ የተደረገው ሁሉ እንደተደረገ ይቀራል። ስትራቪንስኪ በ1929 እ.ኤ.አ. የስትራራምን ኦርኬስትራ ሲመራ «የመሥዋዕት ዳንስ» በተባለው መዝጊያ ላይ ተጫዋቾቹ ይሰናከላሉ፤ ምቱ ከመስመር መስመር እየተለዋወጠ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ስለሚሆን መግቢያቸውን ይስታሉ፣ ይዘገያሉ። ይህ ጉድለት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ታሪኩ ስትደንስ ልትሞት የተመረጠች ልጃገረድ ታሪክ ነው፤ ቀጣዩ ምት የት እንደሚወድቅ በእርግጠኝነት የሚያውቅ ኦርኬስትራ ይህን ታሪክ ሊነግር አይችልም።

ሌላው ማሳያ «የፀደይ ምልክቶች» የሚባለው ክፍል ነው። ባለ አውታር መሣሪያዎቹ በግማሽ ድምፅ የሚለያዩ ሁለት ኅብረ ድምፆችን አንዱን በሌላው ላይ ደርበው፣ ቀስታቸውን ሁልጊዜ ወደ ታች እየሳቡ እኩል ይመታሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ 32 ምቶች መካከል አክሰንት፣ ማለትም ድንገተኛ ጫና፣ የሚወድቀው በ10ኛው፣ በ12ኛው፣ በ18ኛው፣ በ21ኛው፣ በ25ኛውና በ30ኛው ላይ ሲሆን ጫናውን ስምንት ኮርኖዎች ያጎሉታል። የክፍሉ ኃይል ያለው ጫናው በወደቀበት ብቻ ሳይሆን ጫና በሌለባቸው 26 ምቶች እኩልነት ላይ ነው። በጁገል አዋቾች፣ ማለትም በወሊዮች መቃብሮች፣ የሚቀርበውን ዚክሪ የተባለ መንፈሳዊ ዝማሬ ያደመጠ ሰው ከረቡ የተባለው ከበሮና ጭብጨባው ተያይዘው ሲሄዱ ሳይቋረጥ የሚመላለሰው ምት እንዴት ብርታት እንደሚሰጥ ያውቃልና፣ ይህን ለመረዳት የአውሮፓ ንድፈ ሐሳብ አያስፈልገውም። ኸርበርት ፎን ካራያን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር ባስቀረጸው ቅጂ ግን እነዚህ ምቶች አንዱ ከሌላው ጋር ተለጥፈው እንደ ሐር ይለሰልሳሉ፤ ስትራቪንስኪ ራሱ አፈጻጸሙ ከልክ በላይ የተገራ ነው ሲል በጽሑፍ ነቅፎታል። ነቀፋው ትክክል ነው፤ እንዲያውም አንሷል፤ ከዓለም ምርጥ ኦርኬስትራዎች አንዱ ሥራውን ሳይፈራው ተጫወተው፤ ያልተፈራ «የፀደይ ሥርዓት» ደግሞ ባዶ ነው።

ፒየር ቡሌዝ በ1969 እ.ኤ.አ. ከክሊቭላንድ ኦርኬስትራ ጋር ያደረገው ቀረጻ የሚመሰገነው እያንዳንዱን ድርብርብ መስመር ለይቶ ስላሰማ ነው፤ ምስጋናውም ይገባዋል፤ ምቱን የሚያጠና ተማሪ ከዚህ የተሻለ መምህር አያገኝም። ቫሌሪ ገርጊዬቭ በ1999 እ.ኤ.አ. ከኪሮቭ ኦርኬስትራ ጋር ያስቀረጸው በተቃራኒው ከበሮውን ከፊት አቁሞ አድማጩን በጩኸት ያሸንፋል፤ ጩኸት ግን ፍርሃትን አይተካም። በ1940 እ.ኤ.አ. በዋልት ዲዝኒ «ፋንታዚያ» ፊልም ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ ቆራርጦና ቅደም ተከተሉን አዛብቶ ያቀረበው ደግሞ ሥራውን ለብዙ ሕዝብ ቢያስተዋውቅም የመሥዋዕቱን ዳንስ ስለጣለ ከዚህ ዳሰሳ ውጭ ይቆያል።

የአቀናባሪው ሥልጣን ክርክሩን አይፈታውም። ስትራቪንስኪ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሰጣቸው ትምህርቶች ተጫዋቹ የተጻፈውን ብቻ እንዲፈጽም አጥብቆ ቢያስተምርም፣ በ1929፣ በ1940ና በ1960 እ.ኤ.አ. ራሱ የመራቸው ሦስት ቅጂዎች በፍጥነትም በጠባይም ይለያያሉ። ከሦስቱ የላቀው ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር ያደረገው የ1940ው ነው፤ ኦርኬስትራው ሥራውን ለመጫወት የበቃ፣ ለመልመድ ግን ገና ያልበቃ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የ1960ው ቅጂ ከጎኑ ሲቆም ጥሩ ሰነድ ብቻ ይሆናል።

ሞንቶ ሥራውን በመጀመሪያው ምሽት መርቶ፣ በ1929 እ.ኤ.አ. አስቀርጾ፣ ከዚያም ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከቦስተንና ከፓሪስ ኦርኬስትራዎች ጋር ደጋግሞ ቀርጾታል፤ እንደማይወደው በግልጽ የተናገረ ሰው መሆኑም የታወቀ ነው። ያም ሆኖ በቅጂዎቹ አንድም ቦታ ራሱን ሲያሳይ አይሰማም፤ ሊያስደንቅ አይጣደፍም፤ ተጫዋቾቹን ሳያዋክብ ወደ አስቸጋሪው ቦታ ያደርሳቸውና እዚያ ራሳቸው እንዲታገሉ ይተዋቸዋል። ሃምሳኛው ዓመት በ1963 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሲከበር፣ ስትራቪንስኪ በታዳሚነት ተቀምጦ ሳለ፣ የ88 ዓመቱ ሞንቶ የለንደን ሲምፎኒ ኦርኬስትራን መርቷል። ያልወደደውን ሥራ ግማሽ ምዕተ ዓመት በዚህ ታማኝነት የተሸከመ መሪ፣ ከወደዱትና ካሳመሩት ሁሉ ይልቅ የሥራው እውነተኛ ባለውለታ ነው።

ስለዚህ ሥራውን ገና የሚተዋወቅ አድማጭ፣ በተለይም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኅብረ ድምፅና የኦርኬስትራ ቅንብር የሚማር ወጣት፣ በሞንቶ የ1929 ቅጂ ይጀምር፤ የሸክላውን መንጣጣት ታግሦ መክፈቻውን ሦስት አራት ጊዜ ይስማ፤ ቀጥሎ ወደ 1940ው የስትራቪንስኪ፣ ከዚያ ወደ ቡሌዝ ይሂድ፤ የካራያንን ግን ለመጨረሻ ያቆየው።