«ትሬንስፖቲንግ» የተባለው ፊልምና የመርፌው ጉዳይ

ዳኒ ቦይል በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ፊልም የኤድንበርግን የሄሮይን ሱሰኞች ኑሮ ስብከት ሳያበዛ በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ቶሚ በኤች አይ ቪ ሲያዝ ሬንተን ነጻ ሆኖ መገኘቱን የዕድል ነገር አስመስሎ ያልፈዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የከተማይቱ ፖሊስ ከሱሰኞች መርፌ ይቀማ ነበር፤ ንጹሕ መርፌም እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙዎች ባንዱ ይወጉ ነበር። በዚያው ከተማ ተደርጎ በ1986 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት 164 ሱሰኞች በ51 በመቶው ቫይረሱ ተገኝቷል። የብሪታንያ መንግሥት ያገለገለውን መርፌ በንጹሕ የመለወጥ ሙከራ የጀመረው በ1987 ነው። እንግዲህ ፊልሙ ስለ ሱሰኛው ጠባይ ብዙ ተናግሮ ስለ መርፌው እጦት ዝም ማለቱ፥ ተመልካቹ ሊከላከሉት ይቻል የነበረውን ሕመም እንደ ዕጣ እንዲቀበለው ያደርጋል። ዋናው ጉድለቱም ይኸው ነው።