የበጀት ቅነሳና ተደራዳሪ ያጣው የጤና መርሐ ግብር

የጎንደር ሕዝብ ጤና ኮሌጅ በደምቢያ ከደረሰው የወባ ወረርሽኝ ማግስት በ1947 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ከመንግሥት ሌላ የዓለም ጤና ድርጅትና የአሜሪካ ርዳታ ደግፈውታል። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ተሰማርተዋል። የመከላከል ሥራው ከጅምሩ የውጭ ገንዘብ ተጠግቶ አድጓል ማለት ነው።

የዚህ ጥገኝነት ዋጋ በጥር 2017 ዓ.ም. ታየ። አሜሪካ ርዳታዋን ስታግድ፣ በዚሁ ገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሚኒስቴር ኮንትራት ሠራተኞች ውል ተቋረጠ። በጃናሞራ ወይም በደባርቅ ደጋ ቀጠሮ ያሳለፈን የኤችአይቪ ታካሚ ተከታትሎ የሚፈልግ ባለሙያ ከታጣ፣ ጉዳቱ የሥራ ማጣት ብቻ አይደለም፤ ሕክምናውም ይቋረጣል። ሆኖም ስለ ሠራተኛውም ስለ ታካሚውም በሕግ ፊት የሚደራደር የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም።

የሙያ ማኅበራት ይህን ክፍተት አይሞሉትም። ተግባራቸው ሙያን ማሳደግ እንጂ የኅብረት ስምምነት መፈረም አይደለምና። ኢትዮጵያ የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚደነግጉትን 87ኛውንና 98ኛውን ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነቶች በ1955 ዓ.ም. አጽድቃለች። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42ም መብቱን ለመንግሥት ሠራተኞች ሰጥቶ፣ የትኞቹ እንደሚጠቀሙበት በሕግ እንዲወሰን አዟል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት ሠራተኞች ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል።

በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባለሙያዎች ሥራ ሲያቆሙ በርካቶች ታሰሩ። ሆስፒታል ሥራው ሊቋረጥ የማይገባው አገልግሎት መሆኑ አያከራክርም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በዚህ ዘርፍ የሥራ ማቆም መብት ሊገደብ እንደሚችል ይቀበላል፤ ነገር ግን በምትኩ ገለልተኛና ፈጣን የግልግል መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል። እገዳውን ይዞ ግልግሉን መተው ሚዛን የጎደለው አሠራር ነው።

ትችቱ ባለሙያውንም ይመለከታል። የግንቦቱ ጥያቄ በዋናነት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ነበር። ተገቢ ጥያቄ ቢሆንም፣ ከመርሐ ግብሮቹ ህልውና ጋር ካልተያያዘ ሕዝቡ የራሱ ጉዳይ አድርጎ ላያየው ይችላል። የኬንያ ሐኪሞች በ2009 ዓ.ም. 100 ቀን ሥራ ያቆሙት ስለ ቅጥርና ሥልጠና ጭምር የሚደነግግ የኅብረት ስምምነት እንዲከበር ነበር። ታካሚዎች የከፈሉት ዋጋ ከባድ በመሆኑ አድማው እንደ አርአያ አይቀርብም፤ የስምምነቱ ይዘት ግን ትምህርት ይሆናል።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንቀጽ 42 ያዘዘው ሕግ ነው። ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ እያንዳንዱ የበጀት ቅነሳ የትኛውን ታካሚ እንደሚነካ በየጤና ጣቢያው መዝግቦ ማቅረብ የሚከለክል የለም።