እሪ በከንቱና ሪኖ
ስለ ወንዝ ዳር ልማት፣ ስለ ስም ሰሌዳና ስለ ሕዝብ አስተያየት የቀረበ ሂስ

በመጽሔቶቻችን ሂስ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ግጥምና ስለ ቲያትር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ግን የደራሲው ስም የማይታወቅ፣ ማንም ገዝቶ የማያነበው፣ ሆኖም ከብዙ መጽሐፍ ይልቅ አንባቢ ያለውን አንድ የጽሑፍ ዓይነት ነው፤ ይኸውም በከተማ ወንዝ ዳር የሚተከለውን ሰሌዳ። መጽሐፍ ያላስደሰተው ሰው ይዘጋዋል፤ ሰሌዳን ግን መዝጋት አይቻልም። በሕዝብ መሬት ላይ ቆሞ፣ ብዙ ጊዜም በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ፣ በሕዝብ ስም ይናገራል። ስለዚህ ማን ጻፈው፣ ለማን ጻፈው፣ ማንንስ ሳይጠቅስ አለፈ ብሎ መጠየቅ የሂስም የፖለቲካም ተግባር ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከምንኖርባት ከዴንቨርና ከአገራችን ዋና ከተማ ከአዲስ አበባ ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዴንቨርን የወለዳት ውኃ ነው። በ1858 ወርቅ ፈላጊዎች ቼሪ ክሪክ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ሰፈሩ፤ ከተማይቱም ከዚያ በቀለች። ይሁንና ከመቶ ዓመት በላይ ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ ኖረች። ዳርቻው የባቡር ሐዲድ፣ የመጋዘን፣ የፋብሪካና የቆሻሻ መጣያ ስፍራ ሆነ። ጁን 16 ቀን 1965 ሳውዝ ፕላት ሞልቶ ሲፈስ ድልድዮችን ወሰደ፣ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ፤ በአካባቢው ሁሉ ያደረሰው ጥፋት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገመተ። በ1974፣ በከንቲባ ዊልያም ማክኒኮልስ ዘመን፣ የክፍለ ግዛቱ ሴናተር የነበሩት ጆ ሹሜከር የሚመሩት የወንዝ ልማት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ1975ም በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ ኮንፍሉዌንስ ፓርክ ተከፈተ። ዛሬ በወንዙ ዳር የሚሄደውን የእግርና የብስክሌት መንገድ የማያውቅ የዴንቨር ነዋሪ ጥቂት ነው።

ይህን ሥራ መናቅ አይገባም። ከእኛ ወገን አንዳንዶች የወንዝ ዳር ውበት የከበርቴ ቅንጦት ነው፣ ለሰፊው ሕዝብ የሚያስፈልገው ዳቦ እንጂ አበባ አይደለም ይላሉ። አባባሉ ተራማጅ ይመስላል፤ ይዘቱ ሲመረመር ግን ባዶ ነው። ወንዝ ሲቆሽሽ አስቀድሞ የሚታመመው ከዳሩ ርቆ ቤት መግዛት ያልቻለው ድኻ ነው። በ2011 ከኮመርስ ሲቲው የሰንኮር ነዳጅ ማጣሪያ አካባቢ የዘይት ዝቃጭ ሾልኮ ሳንድ ክሪክ ውስጥ ሲገባ፣ ሽታውና ሥጋቱ የተረፈው ለሠራተኛ ሰፈሮች ነበር። ይህ ሳንድ ክሪክ ብዙዎቻችን በምንኖርባት በአውሮራ በኩል አልፎ ወደ ሳውዝ ፕላት የሚወርደው ነው። የአዲስ አበባዎቹ ቀበናና ግንፍሌ የሚሸከሙትን ቆሻሻ የሚያውቅ ሰውም የወንዝ ጽዳት ቅንጦት ነው ሊል አይችልም። ስለዚህ ወንዙ መጽዳቱ የሚያከራክር ነገር አይደለም። የሚያከራክረው፣ ከጸዳ በኋላ ዳርቻው የማን ይሆናል፣ ታሪኩንስ ማን ይጽፈዋል የሚለው ነው።

ከሰሌዳዎቹ አንዱን እናንብብ። በወንዙ አጠገብ ኮመንስ ፓርክን ይዞ የሚያልፈው ጎዳና ሊትል ሬቨን ይባላል። ሊትል ሬቨን የአራፓሆ ሕዝብ አለቃ ነበር፤ ወርቅ ፈላጊዎቹ በ1858 ሲመጡ በወንዞቹ መገናኛ ላይ የሚሰፍሩት የእርሱ ወገኖች ነበሩ። በ1851 በፎርት ላራሚ የተፈረመው ውል ይህን ምድር የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች መኖሪያ አድርጎ አውቆት ነበር። አሥር ዓመት ሳይቆይ በ1861 ሌላ ውል መጣና በጠባብ ቁራሽ መሬት ላይ አጎራቸው። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ደግሞ በኮሎኔል ጆን ቺቪንግተን የሚመራ ጦር ከዚህ በደቡብ ምሥራቅ በሚገኘው፣ ከአውሮራው ጋር ስሙ ብቻ በሚመሳሰለው ሳንድ ክሪክ፣ ሰላም ይገባናል ብለው የሰፈሩትን ሰዎች ፈጀ። ከ200 በላይ የሚሆኑት ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። የተረፉት ልጆቻቸው ዛሬ የሚኖሩት በኦክላሆማ፣ በዋዮሚንግና በሞንታና ነው። በሊትል ሬቨን ጎዳና ላይ የቆሙት ውድ አፓርታማዎች ናቸው።

ቅርጹ አክብሮት ነው፤ ይዘቱ ግን ምንድን ነው? ሰሌዳው የአለቃውን ስም ይናገራል፤ የሄደበትን ምክንያት አይናገርም። ስሙ ተመልሷል፤ ባለስሙ አልተመለሰም። ይህን ስል ስሙ ባይጻፍ ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። በክፍለ ግዛቱ ገዥ በጆን ኤቫንስ ስም ይጠራ የነበረው ተራራ በ2023 ብሉ ስካይ ተብሎ ሲሰየም፣ ጥያቄውን ከገፉት መካከል የአራፓሆና የሻያን ሕዝቦች ተወካዮች ነበሩ። ስም ለእነርሱ ቀላል ነገር አልነበረም። ሆኖም ለተፈናቀለ ሕዝብ የሚከፈለው ዕዳ ስም ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ሰሌዳው የዕዳ መክፈያ ሳይሆን የዕዳ መሸፈኛ ይሆናል።

ከወንዙ ማዶ ለማነጻጸር የሚበጅ ሌላ ጽሑፍ አለ። ኦራሪያ ከ1965ቱ ጎርፍ በፊት ሜክሲኮአዊ ዝርያ ያላቸው ሠራተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ነበር። በ1969 የዴንቨር መራጮች ለከፍተኛ ትምህርት ግቢ መሥሪያ የሚሆነውን የብድር ሰነድ በድምፅ ብልጫ አጸደቁ፤ ሰፈሩም ፈረሰ። የቅዱስ ካጄታን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ግን እስከ ዛሬ በግቢው መካከል ቆሞ ይታያል፤ ምእመናኑ ሄደው ሕንፃው ቀረ። ነገር ግን ተፈናቃዮቹ ዝም አላሉም። ለረጅም ዓመታት ታግለው በግቢው ለሚገኙት ትምህርት ቤቶች ነጻ የትምህርት ዕድል አስፈቀዱ፤ በ2021ም ዕድሉ ለዘሮቻቸው ሁሉ እንዲዳረስ ተወሰነ። ይህ የፈረሰውን ቤት አይመልስም። ሆኖም በሊትል ሬቨን ጎዳናና በኦራሪያ መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ በአንደኛው መታሰቢያው ስም ብቻ ነው፣ በሁለተኛው ከመታሰቢያው ጋር የሚጠየቅበት መብት አለ። ለማናቸውም የወንዝ ዳር ሰሌዳ መመዘኛ መሆን ያለበትም ይኸው ይመስለኛል።

ወደ ሰሜን ሲወጣ ደግሞ ሪኖ ይገኛል። ቃሉ «የወንዙ ሰሜን» የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምሕጻር ሲሆን፣ ከ2005 ወዲህ የሥዕል ቤቶች መናኸሪያ ለሆነው ቀበሌ የወጣ የንግድ ስም ነው። ስሙ የተደረበው ግን ነባር ስም ባላቸው ሰፈሮች ላይ ነው፤ ከእነርሱም አንዱ የዴንቨር ጥቁሮች ታሪካዊ መኖሪያ የሆነው ፋይቭ ፖይንትስ ነው። በኖቬምበር 2017 በዚያው በላሪመር ጎዳና የሚገኝ አንድ ቡና ቤት፣ ከ2014 ጀምሮ ሰፈሩን በደስታ ለባለጸጎች እያመቻቸን ነው የሚል ትርጉም ያለው ሰሌዳ በመንገድ ዳር አቆመ። ቀልድ ነበር ተባለ። ኪራይ ያፈናቀላቸው ሰዎች ግን አልሳቁም፤ በበሩ ላይ ተሰለፉ፣ ባለቤቱም ይቅርታ ጠየቀ። ሂስ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባዋል። ያ ሰሌዳ የተወገዘው ስለዋሸ አይደለም፤ በሌሎቹ ሰሌዳዎች በለስላሳ ቃል የተሸፈነውን እውነት ባደባባይ ስላወጣው ነው። ሰሌዳው በቀናት ውስጥ ተነሣ፤ የኪራዩ ዋጋ ግን አብሮ አልወረደም።

ታዲያ የሕዝብ አስተያየት የሚባለው ምንድን ነው? በቀድሞው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተሠራው የዴንቨር መኖሪያ ሰፈር ስቴፕልተን ይባል ነበር፤ ባለስሙ ከንቲባ ቤንጃሚን ስቴፕልተን የኩ ክላክስ ክላን አባል ነበሩ። በ2019 ስሙ ይለወጥ ወይስ ይቆይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ድምፅ ከሰጡት ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ይቆይ አሉ። በ2020፣ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ ከተገደለ በኋላ ሕዝብ አደባባይ ሲወጣ፣ ያው ሰፈር ስሙን ጥሎ ሴንትራል ፓርክ ተባለ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የሕዝብ አስተያየት እንደ ድንጋይ የረጋ ነገር ሳይሆን በትግል የሚለወጥ ነው። ሁለተኛ፣ በ2019 ድምፅ የተጠየቁት ባለንብረቶች ነበሩ፤ ተከራዩ በቆጠራው አልገባም። እንግዲህ «ሕዝቡ ይህን አለ» ከመባሉ በፊት የትኛው ሕዝብ እንደተጠየቀ መታወቅ አለበት።

ይህ ጥያቄ በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ይወስደናል። አዲስ አበባም እንደ ዴንቨር የውኃ ልጅ ናት፤ በ1880ዎቹ የተቆረቆረችው በፍል ውኃው ዙሪያ ሲሆን፣ ስፍራው በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ፊንፊኔ ይባል ነበር፣ ዛሬም ይባላል። በሁለቱ ስሞች ላይ ያለው ክርክር ሰሌዳ የፖለቲካ ጽሑፍ ለመሆኑ ከማንኛውም ማስረጃ ይበልጣል። በ2019 መንግሥት ሸገርን ማስዋብ የተባለውን ዕቅድ አወጀ፤ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ በ29 ቢሊዮን ብር ሊለማ ታሰበ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ለአንድ ሰው 5 ሚሊዮን ብር የሚከፈልበት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ራት ተደረገ፤ በሴፕቴምበር 2020ም በቻይና ርዳታ የተሠራው ሸገር ፓርክ ተመረቀ። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ኮሪደር ልማት የተባለው ዘመቻ መጣ፤ ፒያሳ፣ በኋላም ካዛንቺስ ፈረሱ።

ስለዚህ ሥራ የሚሰማው አስተያየት ለሁለት የተከፈለ ነው። የሚደግፉት የእግረኛ መንገዱን፣ የሌሊት መብራቱን፣ ልጆች የሚጫወቱበትን ሜዳ ይጠቅሳሉ፤ የሚጠቅሱትም በዓይን የሚታይ ነገር ነው። የሚቃወሙት በጥቂት ቀናት ማስጠንቀቂያ ስለፈረሰው ቤት፣ ስለተበተነው ዕድርና ስለ ከተማው ጠርዝ ይናገራሉ፤ ይህም እውነት ነው። በውጭ አገር የምንኖር ግን አንዱን ወገን ይዘን ሌላውን ውሸት ነው ማለት ልማዳችን ሆኗል። መብራቱም አለ፤ የተፈናቀለውም አለ። ፖለቲካው ያለው የሁለቱ ዋጋ ለማን እንደ ተከፋፈለ በማየት ላይ ነው።

ድምፅ የማግኘቱ ጉዳይ በሁለቱ ከተሞች እንዴት እንደሚለያይም ልብ ማለት ያሻል። በዴንቨር የሚሰማው ባለርስቱ ነው። ኤሊች ጋርደንስ የተባለው መዝናኛ ያረፈበት 62 ኤከር የወንዝ ዳር መሬት «የወንዝ ማይል» በተባለው ዕቅድ ወደ ረጃጅም ሕንፃዎች ሰፈር እንዲለወጥ በዲሴምበር 2018 ሲፈቀድ፣ ነገሩ በከተማው ምክር ቤት ፊት በይፋ ተሰምቷል፤ ሰሚው ሁሉ እኩል ጉልበት ባይኖረውም መድረኩ ነበር። በአገራችን ግን በ1975 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የአከራይ ከበርቴው ሥልጣን ተሰበረ፤ ይህ የተማሪው ንቅናቄ ጥያቄ ካስገኛቸው ውጤቶች አንዱ ነበር። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ነዋሪው ከአከራይ ነጻ ሲወጣ ቤቱን በሕግ ፊት «የእኔ» የሚልበት መብት አላገኘም። መሬቱ የሁሉም ተባለ፤ በሚፈርስበት ቀን ግን ተቃውሞውን የሚመዘግብለት ጠፋ። የዴንቨሩ ተከራይ በቆጠራው አልገባም፤ የአዲስ አበባው ነዋሪ ቆጠራው ራሱ አልተደረገለትም። የዚያን ትውልድ ጥያቄ የወረስን ሁሉ ይህን ያልተቋጨ ጉዳይ እንደ ራሳችን የቤት ሥራ ልንይዘው ይገባል።

የሂሱ ዋና ነጥብ ያለው በስሞቹ ውስጥ ነው። ሕዝብ ለሰፈሩ ስም ሲያወጣ የኖረበትን ኑሮ ይመዘግባል፤ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ፣ እሪ በከንቱ። እሪ በከንቱ ማለት ጩኸህ የሚሰማህ የለም ማለት ነው፤ ነዋሪው አቤቱታውን በሰፈሩ ስም ላይ ጽፎ አስቀርቷል። ለእነዚህ ስሞች ሰሌዳ ያቆመላቸው አልነበረም፤ በአፍ ብቻ ለትውልድ ተላለፉ። ኮሪደር የሚለው ባዕድ ቃል ግን ትርጉሙ መተላለፊያ ነው። በመተላለፊያ ሰው ያልፋል እንጂ አይኖርም። ሪኖም እንዲሁ የካርታና የሽያጭ ቃል ነው፤ በውስጡ ነዋሪ የለበትም። አንድ ልማት ለማን እንደታሰበ ለማወቅ ገንዘቡን ከመቁጠር በፊት ስሙን ማንበብ ይበቃል።

ከእኛ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው እዚሁ ያለ ነው። በአውሮራ በሃቫናና በኮልፋክስ ጎዳናዎች ላይ የአማርኛ ፊደል የተጻፈባቸው ምግብ ቤቶችና ሱቆች ቆመዋል፤ አብዛኞቹ በኪራይ ናቸው። በኮልፋክስ ላይ የፈጣን አውቶቡስ መስመር ግንባታ በ2024 ተጀምሯል። መስመሩ ለሠራተኛው ይጠቅማል፤ የመሬቱንም ዋጋ ሊያስወድድ ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ፊደላችን በግድግዳ ላይ ለጌጥ ቀርቶ ባለሱቆቹ እንዳይጠፉ፣ የከተማው ምክር ቤት ሕዝብ በሚሰማበት ቀን ተገኝቶ ስለ ኪራይ ጥበቃ መናገር፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግራቸው ወገኖችም ማስተርጎም የማኅበራችን ተግባር መሆን አለበት።

ሁለተኛው የመዝገብ ሥራ ነው። በዚህች ከተማ የዶሮ ማነቂያና የካዛንቺስ ተወላጆች አሉ፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን የየመንደሩን ስም፣ ስሙ የወጣበትን ምክንያት፣ የዕድሩን ዳኛ፣ የወፍጮ ቤቱንና የቦኖ ውኃውን ቦታ ያስታውሳሉ። ይህ መጽሔት ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ለእነዚህ ስሞች ገጽ እንዲከፍትና አባላት ከሽማግሌዎች እየጠየቁ እንዲልኩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ስሙ የወጣበትን ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በጉራግኛ ወይም በአማርኛ፣ ሳይመርጡ እንዳለ መጻፍ ያስፈልጋል። ኦራሪያዎች በግቢው በር ላይ መብታቸውን ሊጠይቁ የቻሉት ማን የት ይኖር እንደነበር የሚያስረዱበት ማስታወሻ ስለነበራቸው ነው፤ ለእኛም ወገኖች እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ማስረጃው አሁን ካልተጻፈ አይገኝም።